ሁላችንም የተወለድንበት ቀን

ታኅሣሥ 23

ዛሬ ልደቴ ነው። የእማዬም ነው። የጎረቤታችን የአደይ ለተትንሳኤም፣ የልጇ የሶፎኒያስም፣ በጋሪ ውሃ የሚሸጡት የጋሽ ጋረደውም። ቢጠየቅ የአህያቸውም ሳይሆን አይቀርም። በፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ አንድ... እዚህ ሱዳን፣ የኡም ጋርጉር ካምፕ ስደተኛ ግማሹ በወረቀት የተወለደው ዛሬ ነው። የቢሮ ሰዎች በአረብኛ "ዋሒድ ዋሒድ" ይሉታል። ወር አንድ፣ ቀን አንድ።

ማንም አላከበረም። እማዬ ልብስ አጠበች። እኔ የምሠራበትን የእርዳታ ድርጅት ታብሌት ቻርጅ ላስደርግ ሁዜይፋ ሱቅ ሄጄ አዋራ ለብሼ ተመለስኩ።

ከሰዓት ስልኬ ላይ የሶፎኒያስ ድምፅ ገባ። ከጀርመን። እንደየዓመቱ፣ "ሳምሪዬ፣ እንኳን ተወለድን!" እየሳቀ። በረዶ ላይ እየሄደ ነበር መሰለኝ፣ ኮሽ ኮሽ ይላል። አደይ በአጥሩ ቀዳዳ "ልጄ ነው? አሰሚኝ እስቲ" አለች። ደግመን ሰማነው። ደግመን ሳቅን።

የጡት ወንድሜ ነው። አደይ በወባ ወድቃ በነበረ ጊዜ እማዬ ከእኔ ጋር አጥብታዋለች። አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ፣ ትላለች። ሲሄድ ምን አለኝ? "እኔ ልቅደም፣ ከዚያ አንቺን እስብሻለሁ።" ቢግ ዳታ የሚሉትን ትምህርት ሊጨርስ ነው። እኔ ገዳሪፍ ስታትስቲክስ ተምሬ ይኸው ታብሌት ይዤ ከጎጆ ጎጆ እዞራለሁ። ግን ይስበኛል። ብሏላ።

ጥር 6

ምዝገባ ማደስ። ቀኑን ሙሉ ራኩባ የሚሉት ዳስ ስር ተቀምጬ ስጠይቅ ዋልኩ። ጉሮሮዬ ደርቋል።

"ጋሽ ጋረደው፣ መቼ ተወለዱ?"

"በአረም ጊዜ። እናቴ ማሳ ውስጥ ነው ያማጠችኝ።"

"ዓመቱስ?"

"አንበጣው መጥቶ በሄደ በዓመቱ።"

አጠገቤ የተቀመጠው የቢሮ ሰው ሰዓቱን አየ። "ያ ቢት፣ አክትቢ ዋሒድ ዋሒድ፣ ኸላስ!" ጻፊና ጨርሺ ማለቱ ነው። ጻፍኩ። ምን ላድርግ? ታብሌቱ ባዶ ቦታ አያሳልፍም። ቀኑን ካልሞሉለት ወደሚቀጥለው ጥያቄ አይሄድም። ዓመቱን በግምት፣ ወርና ቀኑን አንድ አንድ። እንዲህ ነው እንግዲህ አንድ ሰፈር ሰው በአንድ ቀን የሚወለደው።

ጥር 21

ሁዜይፋ ሱቅ የሳተላይት ኢንተርኔት ገባ። ሰው ሁሉ ስልኩን ወደ ሰማይ ይዞ አንገቱን ሰብሮ ተቀምጧል። እማዬም ሶፎኒያስን በምስል ካላየሁ ብላ አብራኝ መጣች።

"ተምረህ ምን ሆነህ ትወጣለህ?" አለችው።

"ብዙ ዓይነት ሥራ አለው እማ ኣበባ። ዳታ ኢንጂነር የሚባለው ቧንቧውን ይዘረጋል። ዳታ አናሊስት ውሃው ጨው ነው ወይስ ንጹሕ ነው ብሎ ይቀምሳል። ዳታ ሳይንቲስት ደግሞ፣ እኔ የምሆነው፣ ለከርሞ ስንት ጀሪካን እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ይናገራል። ባንክ በለው፣ ሆስፒታል በለው፣ እርዳታ ድርጅት በለው... የማይፈልገን የለም።"

"የሚቀዳውስ?"

"እ?"

"ውሃውን ከጉድጓድ የሚቀዳው ማነው?"

ሳቀ። "እሷማ አጠገብሽ ናት።" እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ቁም ነገሩ መጣ። የማስተርስ ጥናቱ በእኛው ላይ ነው። ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ሁለት ራሽን የሚወስድ ሰው ካለ ፈልጎ የሚያወጣ ፕሮግራም እየሠራ ነው። የስደተኛውን መረጃ ድርጅቱ ለትምህርት ቤታቸው ሰጥቷል። "ቁጥሩ ይታየኛል፣ ሰዉ አይታየኝም። አንቺ ሰዉን ታውቂዋለሽ። አስረጂኝ። ጥናቱ ላይ ስማችን ጎን ለጎን ይወጣል። ፕሮፌሰሯ ካየችው የድጋፍ ደብዳቤ ትጽፍልሻለች፣ መስከረም ላይ እዚህ ነሽ።"

መስከረም። ቃሉን አፌ ውስጥ ይዤው ነው ወደ ቤት የተመለስኩት።

የካቲት 9

ሰሞኑን የምጽፈው ለሱ ብቻ ነው። ማታ እጄ ዝሎ ይሄን ደብተር ረሳሁት። ምን ያልጻፍኩለት አለ? ባሏ የሞተባት ሴት ለምን በወንድሟ ስም እንደምትመዘገብ። ወደ መፋዛ እርሻ ለአጨዳ ሄደው የሚመለሱት ለምን ጠፍተው እንደሚታዩ። ከሁሉም በላይ ግን ዋሒድ ዋሒድን። ሴቱ ሁሉ ኣበባ በሆነበት ካምፕ፣ ልደቱ ሁሉ አንድ ቀን በሆነበት ካምፕ፣ አንድ ስምና አንድ ቀን ማለት አንድ ሰው ማለት አይደለም ብዬ ጻፍኩለት። ይቺን ዓረፍተ ነገር ወደድኳት። ደግሜ አነበብኳት።

ዛሬ መለሰልኝ። "ወርቅ ነሽ! ገብቶኛል ሳምሪ። እኔም እኮ ዋሒድ ዋሒድ ነኝ።"

መጋቢት 14

ሶፎኒያስ ደወለ። ቸኩሏል። አደይን ለጉብኝት ሊጠራት አስቧል፤ ኤምባሲዎች ዋሒድ ዋሒድ ሲያዩ ይጠረጥራሉ አለኝ። "ይሄ ሳምንት የማስተካከያ ሳምንት አይደል? የእናቴን የልደት ቀን ቀይሪልኝ። ኖቬምበር አሥራ ሰባት በይው።" ቀየርኩት። ደቂቃ አልፈጀም።

ለአደይ አትንገሪያት፣ ድንገት ልጥራት አለ። ደስ አይልም? እናቱን የሚያስብ ልጅ።

ሚያዝያ 12

ትንሣኤ። አደይ ዶሮ ሠርታ በአጥሩ ላይ አሳልፋ ሰጠችን፤ እኛም ዳቦ። "ዛሬ ልደቴ ነው" አለች።

"ያንቺ ደግሞ ስንት ነው?" አለቻት እማዬ።

"ያኛው የመክተቡ፣ የቢሮው ነው። የእናቴ ይሄ ነው። በትንሣኤ ሌሊት ብወለድ አይደል ለተትንሳኤ ያለችኝ?"

ታዲያ ሶፎኒያስ ለምን ኖቬምበር አለኝ? ... ፈረንጅ አገር ተቀምጦ የቀን ነገር ተምታቶበት ይሆናል። በዓል ነው፣ ተውኩት።

ሚያዝያ 27

ተቀበሉኝ!!! የሶፎኒያስ ትምህርት ቤት፣ ቢግ ዳታ፣ ማስተርስ፣ ሙሉ ስኮላርሺፕ። የቀረው የፕሮፌሰሯ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ እሱ ሲደርስ ይጸናል ይላል። ሁዜይፋ ሱቅ ውስጥ ጮህኩ። "ማብሩክ ያ ዶክቶራ!" አለ ሁዜይፋ፤ ሻይ በነፃ። ዶክቶራ አይደለሁም ብለው አይሰማ።

እማዬ አለቀሰች፣ ከዚያ "ብርድ ነው አሉ አይደል?" ብላ የጋቢዋን ጫፍ ስታየው አመሸች።

ግንቦት 21

ሶፎኒያስ ጥናቱን አቅርቦ ጨረሰ። ፎቶ ላከ። ከረባት። ድርጅቱም ፕሮግራሙን ወስዶ እሱንም ለሥራ ሊቀጥረው ነው። ጥናቱን ላክልኝ አልኩት። "እልካለሁ፣ ትንሽ እርማት አለው።" ሳምንት አለፈ... ምን ያህል እርማት ነው?

ሰኔ 10

የራሽን ቀን። ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ሰልፉን ላግዝ ቆሜ ነበር። የራሽን ካርት የምታነበው መሣሪያ አረንጓዴ ትላለች፣ ሰው ማሽላውን ተቀብሎ ያልፋል። ዛሬ ቀይ። ቀይ። አንዱ አልፎ ደግሞ ቀይ። ጋሽ ጋረደው ካርታቸውን በኩታቸው ጠረጉት። "ላብ ነክቶት ይሆናል ልጄ፣ ድገሚው።" ተደገመ። ቀይ። ከሌላ ጋረደው ጋር አንድ ሰው ናቸው ተባለ። "የት ነው ያለው እሱ ጋረደው? አምጡትና ልየው!" አሉ። ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

እማዬም ቀይ። ኣበባ፣ ሴት፣ ዋሒድ ዋሒድ... ሁለቴ የተመዘገበች። ካምፑ ውስጥ ስንት ኣበባ አለ! ጆንያዋን አጣጥፋ በብብቷ ያዘች።

የአደይ ለተትንሳኤ አረንጓዴ። ከኛ ረድፍ ቀይ ያልሆኑት ጥቂት ናቸው፣ እሷ አንዷ። ማሽላዋን ተሸክማ መጥታ እማዬ ጆንያ ላይ ግማሹን ገለበጠችው። "ምን ሆነው ነው? ሰክረዋል እንዴ?"

ሰኔ 11

ለሶፎኒያስ ደወልኩ። "ስህተት ነው፣ አዲስ ሲስተም መጀመሪያ እንዲህ ያደርገዋል። አትጨነቂ።" ድምፁ ጥሩ ነው። የቢሮ ድምፅ ነው። በስብሰባ መሐል ነኝ አለና ዘጋ።

እማዬ፣ መሣሪያዋ ተቀበለችን ወይ አለችኝ። ነገ አልኳት።

ሰኔ 13

አደይ ለምን አረንጓዴ ሆነች?

ጧት ውሃ ስሞላ መጣልኝ። ጀሪካኑ ሞልቶ እግሬ ላይ ሲፈስ ቆሜያለሁ። እሷም ዋሒድ ዋሒድ ነበረች። እሷም የኛ ረድፍ ናት። ለተትንሳኤ የሚባሉ ደግሞ ሞልተዋል... ያን ቀን ያስቀየረው እሱ፣ የቀየርኩት እኔ።

መጋቢት ላይ። ሰው ከራሽን ሳይቆረጥ በፊት።

ያውቅ ነበር።

ሰኔ 15

ሱቁ ኋላ፣ ጄኔሬተሩ አጠገብ ሄጄ ነው ያወራሁት፣ ሰው እንዳይሰማኝ። እንዳልረሳው እንደተባባልነው እጽፈዋለሁ። ደግሞስ እረሳዋለሁ?

"ሶፎ፣ የእናትህን ቀን ለምን አስቀየርከኝ? ለቪዛ ነው ያልከኝ።"

"ለቪዛም ነው..."

"ለቪዛም?"

"ሳምሪ፣ ስሚኝ። ዋሒድ ዋሒድን እንደ ባዶ ብቆጥረው ፕሮግራሙ የሚይዘው ሰው አይኖርም። ማንንም የማይዝ ፕሮግራም ማን ይቀበለኛል? ድርጅቱ ውጤት ይፈልጋል፣ ፕሮፌሰሯ ውጤት ትፈልጋለች።"

"ያን ሁሉ ጻፍኩልህ። ገብቶኛል አላልክም?"

"ገብቶኛል። ግን መጀመሪያ ይሥራ፣ በኋላ ይስተካከላል ብዬ ነው።"

"እናትህ ግን መጀመሪያ ተስተካከለች።"

ከኋላው ትራም ነው መሰለኝ፣ ደወል ሰማሁ።

"እማዬስ? ያጠባችህን ሴት እንኳ አላስታወስካትም?"

"ሁሉንም ማውጣት አልችልም ነበር እኮ። ይታወቅብኛል።"

ስሜስ አልኩት፣ ስሜ ጥናቱ ላይ? ምስጋናው ላይ አለሽ አለኝ። አንብብልኝ አልኩት። አነበበ። "በካምፕ ለምትገኝ አንዲት ወዳጄ።" ስም የለውም። እኔ ነኝ አንዲት።

ከዚያ ለስለስ አለ። ይሄ ነው ያመመኝ፣ መለስለሱ። "ፕሮፌሰሯ ደብዳቤሽን ገና አልፈረመችም። አሁን ፕሮግራሙ ስህተት አለው ብለሽ ብትጽፊ እኔም ወደቅሁ፣ ያንቺም መስከረም ሄደ። ኮንትራቴን እስክፈርም ዝም በይ። የእማ ኣበባን ካርት እኔ ከውስጥ አስመልሳለሁ።"

"የእማዬን ብቻ?"

"ለጊዜው።"

ለጊዜው! ... ዘጋሁበት። ከዚያ መልሼ ልደውልለት አስቤ ነበር። እግዜር ያውቃል፣ እሺ ልለው ነበር ሐሳቤ።

ሰኔ 19

ዝም ብያለሁ።

መስከረምን አስባለሁ። ክፍሉን፣ መስኮቱን፣ በስሜ የሚሰጠኝን ወንበር። የኔ እኮ ነው! ሠርቼበታለሁ። ለምን እኔ ልጣው? እሱ ከዳኝ ብዬ እኔ ደግሞ ራሴን ልጉዳ?

ጋሽ ጋረደው አንድ ጀሪካን ውሃ አምጥተው "ክፍያ አልፈልግም፣ ብቻ ያንን ታብሌት እይልኝ፣ ስሜ አለ ወይ?" አሉኝ። አለ አልኳቸው። አልዋሸሁም፣ ስማቸው አለ። ከሌላ ሰው ጋር ተጣብቆ።

ቤት ገብቼ ጀርባዬን ለእማዬ ሰጥቼ አለቀስኩ።

ሰኔ 24

አደይ በየቀኑ ከማሽላዋ ታሳልፍልናለች። ለእኛ ብቻ አይደለም፣ ለጋሽ ጋረደውም፣ ማዶ ላሉትም። ጆንያዋ እየጎደለ ነው። ዛሬ "ልጄ ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ለሱ ነግሬ አስተካክልላችኋለሁ" ስትላቸው ሰማሁ። አንገቷን ቀና አድርጋ።

አልቻልኩም። ማታ ነገርኳት። መጋቢትን፣ ኖቬምበርን፣ ሁሉንም። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። መቀነቷን ፈታ መልሳ አሰረችው። "ደውዪልኝ" አለች።

ድምፁን ከፍ አድርጌ ያዝኩላት።

"ሶፎኒያስ ወደይ፣ ልጄ፣ መቼ ነው የተወለድኩት?"

"እማ? ምን ሆነሽ ነው?"

"መቼ ነው የተወለድኩት ነው የምልህ።"

"እ... ኖቬምበር—"

"እናቴ በትንሣኤ ወለደችኝ። አንተ በኅዳር ወለድከኝ።"

"ላንቺ ብዬ ነው እኮ! እንዳትራቢብኝ ብዬ ነው!"

"ተርቤ አውቃለሁ። ስራብ ማን አበላኝ? አንተን ማን አጠባህ? ከጎረቤቶቼ ለየኸኝ ልጄ። ሰው ሁሉ ቀይ ሲሆን እኔን አረንጓዴ አድርገህ አቆምከኝ። ነገ ምን ብዬ በዚህ መንገድ ልሂድ?"

እሱ አለቀሰ። እሷ አላለቀሰችም። ስልኩን ሰጠችኝና "ዝጊው፣ ገንዘብ ይቆጥራል" አለች።

ሰኔ 25

ጻፍኩ። ለፕሮፌሰሯም፣ ለድርጅቱም። በስሜ። ሳምሪ ብዬ፣ የአባቴንና የአያቴን ስም ጨምሬ። እንዳላስብበት ቶሎ ላክሁት። ሁዜይፋ "ዶክቶራ፣ ፊትሽ ምነው?" አለኝ። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም አልኩት።

መስከረምን በገዛ ጣቴ ነካኋት፣ ሄደች። እንዲህ ቀላል ነው?

ሐምሌ 10

ኸሪፉ፣ ክረምቱ ገብቷል። ጥቁሩ ጭቃ ጫማ ያወልቃል። የራሽን ቀን አደይ ካርታዋን ይዛ መጣች፣ አረንጓዴው ሰልፍ ጋ ግን አልቆመችም። ቀዮቹ ጋ ተቀመጠች። የሚያድለው ሰው "ያ ሐጃ፣ ያንቺ አለ፣ ነይ ውሰጂ" ቢላት "ከነሱ ጋር እወስዳለሁ" አለችው። እኔ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ።

ሾዋክ ከተማ የስደተኞች ቢሮ ሄደን ነበር። ሰውዬው እጁን ዘረጋ፤ "እኔ ምን ላድርጋችሁ? ኮምፒውተሩ የሚያስበው አውሮፓ ሆኖ ነው።" ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ ግን፣ እውነተኛ የልደት ቀኑን ከነምስክሩ ያመጣ ሰው አቤቱታውን እቀበላለሁ አለ።

ሐምሌ 14

ልደት ለቀማ ከጀመርን ሦስት ቀን ሆነን። እኔ እጽፋለሁ፣ አደይ ታስታውሳለች፣ እማዬ ትከራከራለች። ለካ ሁሉም ያውቃል! ማንም በደንብ አልጠየቃቸውም እንጂ። ይቺ በሚካኤል ዋዜማ፣ እነ እገሌ ቤት ሠርግ የነበረ ጊዜ። ያ በረመዳን አጋማሽ፣ ለዚህ ሼኽ እስማኤል ምስክር። ያቺ እናቷ ከአደይ ጋር አብረው ያማጡ ጊዜ። ቄስ ሃየሎም በጣታቸው እየቆጠሩ የአደይን የትንሣኤ ቀን አወጡላት። ጋሽ ጋረደው አረሙ የስንተኛው አረም እንደሆነ እስኪያስታውሱ ሁለት ቀን ጠብቀናቸዋል። "የሁለተኛው ነው፣ እናቴ የመጀመሪያውን ጨርሳ ነው የወለደችኝ" ብለው በዝናብ እየሮጡ መጡ።

ሐምሌ 19

እማዬ ማለዳ ቀሰቀሰችኝ። "ተነሺ፣ ዛሬ ነው።"

"ምኑ?"

"አንቺ። በገብርኤል ነው የወለድኩሽ። ንግሥ ሳልሄድ የቀረሁት ያን ዓመት ብቻ ነው።"

"እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?"

"መች ጠየቅሽኝ?" አለች።

ሰዉን ሁሉ ስጠይቅ የኖርኩት እኔ። እማዬን አልጠየቅኋትም። አደይ በአጥሩ ወዲያ ሆና ሳቀችና፣ "ሶፎኒያስ ይቀድምሻል፣ እሱ ሐምሌ አቦ ነው" አለች። ከዚያ ወደ ጎጆዋ ተመለሰች።

ነሐሴ 16

ፕሮፌሰሯ መለሰች። ጥቂት መስመር ናት። ስለጻፍሽልን እናመሰግናለን፣ ጉዳዩ ይታያል። ስለ ቅበላሽ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ባለመቅረቡ የዘንድሮው ቦታ ለሌላ ተሰጥቷል። መልካም ዕድል።

ለእማዬ ነገርኳት። ጋቢዋን አውጥታ ለብርዱ ስትጠግነው ነበር። አስቀመጠችው።

ንዴቴ በፕሮፌሰሯ አይደለም። አታውቀኝም። የሚያውቀኝ ነው...

ጥቅምት 18

ካርቶቹ ተመለሱ! አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ። ሴቶቹ እልል አሉ። እማዬ ጆንያዋን ሞላች። እኔም እልል አልኩ፣ ከልቤ።

ከዚያ ሁዜይፋ "እዪው፣ የናንተ ልጅ!" ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። ድርጅቱ ያወጣው ቪዲዮ። ሶፎኒያስ መድረክ ላይ፣ ትልቅ አዳራሽ። በእንግሊዝኛ ያስረዳል። አዲሱ የፕሮግራሙ ዓይነት ዋሒድ ዋሒድን እንደማይታወቅ ቀን ይቆጥራል አለ። ይሄን ችግር እሱ እንዳገኘው፣ እዚያው ካምፕ ስላደገ እንዳገኘው ተናገረ። ቀጥሎ "አንድ ስምና አንድ ቀን ማለት አንድ ሰው ማለት አይደለም" አለ። ቃል በቃል። የኔዋን። አጨበጨቡለት።

ቪዲዮውን መልሼ አየሁት። አንድ ቦታ ላይ እንኳ ዓይኑን ዝቅ ያደርጋል ብዬ ጠበቅሁ። አላደረገም።

ማታ ጋሽ ጋረደው አጥሩ ጋ ቆመው "ሶፎኒያስ አስመለሰልን አሉ፣ ይባረክ ይሄ ልጅ!" አሉ። አሜን አላልኩም። እሳቸውን ምን ልበላቸው? ደስ ብሏቸዋል። አደይ ጎጆዋ ገባችና በሯን ዘጋች።

መጀመሪያ የእማዬን ራሽን ወሰደብኝ፣ አሁን ደግሞ አፌን።

ኅዳር 29

ሌላ ትምህርት ቤት አመለከትኩ። ያው ቢግ ዳታ ነው፣ ለምን ልጥላው? ትምህርቱ ምን አደረገኝ? ለማመልከቻው ጽሑፍ ጠይቀውኝ ስለ ልደት ለቀማው ጻፍኩ። እሱ ከተናገረው በኋላ ስለሆነ ከሱ የቀዳሁ ይመስላቸው ይሆናል... ይምሰላቸው። ያደይን ትንሣኤ፣ የጋሽ ጋረደውን ሁለተኛ አረም እሱ አያውቃቸውም።

ታኅሣሥ 23

ጧት ሥራ ነበረኝ። አዲስ የመጡ ሰዎች ምዝገባ። አንዲት እናት የልጇ ቀን ጠፋት፣ የቢሮው ሰው "ዋሒድ ዋሒድ" ሊል አፉን ሲከፍት "ሻይ አምጡላትና ታስብ" አልኩት። ተቆጣ። ጠበቅናት። አገኘችው።

ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። ከሰኔ ወዲህ ድምፁን ልኮልኝ አያውቅም ነበር። "ሳምሪዬ፣ እንኳን ተወለድን!" ሳቁ እንደ ድሮው ነው። ኮሽ ኮሹም አለ። በመጨረሻ ድምፁ ቀነስ አለና፣ "አኩርፈሽ አትቅሪ በቃ፣ የእናት ጡት ተካፍለናል እኮ" አለ።

አደይ አጥሩ ጋ ነበረች። ሰምታለች። አሰሚኝ አላለችም።

ሐምሌ አቦ ነህ ልለው እችል ነበር። ዝናብ ይጥል ነበር፣ እናትህ ታማ ነበር፣ እማዬ ተሸክማህ ወደኛ ቤት አስገባችህ... ሁሉን አውቀዋለሁ አሁን። ዕድሜውን ሙሉ ያላወቀውን ቀን አውቅለታለሁ። አልነገርኩትም። ምን ያደርግበታል? ይሄንንም መድረክ ላይ ይዞት ይወጣል።

መልስ ሳልሰጠው ስልኩን አስቀመጥኩ። እማዬ ልብስ እያጠበች ነበር፣ ሄጄ ማጠብ ያዝኩ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ልደቴ አይደለም።